ድረ ገጹ የትናንቱን የቡና ዋጋ ሲያሳይ፦ ችግርና መፍትሄ

ኔትወርክ መኖሩንና ጽሑፉ በእርግጥ መለጠፉን አይታችኋል ብለን እንለፍ።

ምልክቱ፦ የዕለቱ የቡና ዋጋ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተለጥፏል፤ በአዘጋጁ ኮምፒውተር አዲሱ ይታያል። ጅማ ሂርማታ ያለው ነጋዴ ግን ስልኩን ቢከፍት የትናንቱ ነው የሚመጣለት። ደጋግሞ ቢያድሰውም ያው ነው። በኢንኮግኒቶ (ብራውዘሩ ቀድሞ ያስቀመጠውን በማይጠቀምበት የግል መስኮት) ሲከፈት ከተስተካከለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሰርቪስ ወርከሩ ነው።

ምክንያቱ፦ ሰርቪስ ወርከር በብራውዘሩና በሰርቨሩ መካከል ቆሞ እያንዳንዱን ጥያቄ የሚቀበል የጃቫስክሪፕት ፋይል ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ገጹ እንዲከፈት የሚያደርገው እሱ ስለሆነ፣ ለአጋሮና ለጌራ አንባቢ ትልቅ ጥቅም አለው። ጣጣው የሚመጣው ሳያነቡ ከሚገለብጡት ኮድ ነው። «መጀመሪያ ከካሽ» (በስልኩ ከተቀመጠው ቅጂ) የሚለው ስልት ለአርማና ለፎንት ጥሩ ነው፤ ለዋጋ ገጽ ግን መርዝ ነው። አንዴ የተቀመጠ ገጽ ሰርቨሩን ሳይጠይቅ ይወጣል። ነጋዴው በዚያ ዋጋ ተደራድሮ ቢከስር ተጠያቂው አሳታሚው ነው።

አንባቢውን «ካሽ አጽዳ» ማለትም አያዋጣም። በክሮም የተቀመጡ ምስሎችንና ፋይሎችን ብቻ ማጽዳት ሰርቪስ ወርከሩን አይነካውም፤ የሚወገደው ኩኪና የሳይት ዳታ ሲጠፋ ነው።

መፍትሄው፦ ለገጾች «መጀመሪያ ከኔትወርክ» አድርጉ። ሰርቨሩ በ4 ሴኮንድ ካልመለሰ ብቻ ከካሽ ይውጣ፤ ያኔም ከዋጋው በላይ «ይህ የተቀመጠው ማክሰኞ ጠዋት 3፡10 ነው» የሚል ጽሑፍ በጉልህ ይታይ። ይህን መስመር አትዝለሉት። ለምስል፣ ለፎንትና ለሲኤስኤስ (የገጹን መልክ ለሚወስነው ፋይል) «መጀመሪያ ከካሽ» ይቆይ፤ ይዘታቸው በተቀየረ ቁጥር ግን የፋይሉ ስም አብሮ ይቀየር። የካሹንም ስም ከስሪት ጋር ቀይሩ፣ አሮጌውን በ«አክቲቬት» (አዲሱ ወርከር ሥራ በሚጀምርበት) ጊዜ ሰርዙት። አዲሱ ወርከር ወዲያው እንዲረከብ «ስኪፕ ዌይቲንግ» (ሳይጠብቅ እንዲጀምር) እና «ክሌይም» (የተከፈቱትን ገጾች እንዲረከብ) የሚሉት ትእዛዞች ይጨመሩ። ያኔ ቀድሞ የተከፈተ ገጽ አሮጌ ፋይል ሊጠይቅ ስለሚችል፣ የቀድሞዎቹን ፋይሎች ለጥቂት ቀናት ከሰርቨሩ አታንሱ።

ማስጠንቀቂያ፦ የሰርቪስ ወርከሩን ፋይል ከሰርቨር ሰርዛችሁ ተገላገልን አትበሉ። ብራውዘሩ 404 (ፋይሉ የለም የሚል መልስ) ሲያገኝ አዲሱን ይተዋል እንጂ አሮጌውን አያነሳም፤ አንባቢው ከአሮጌው ገጽ ጋር እንደተቆለፈ ይቀራል። ስሙንም አትቀይሩ፤ በካሽ ያለው ገጽ የሚያውቀው የድሮውን ስም ነው። ማስወገድ ከፈለጋችሁ በዚያው ስም ካሹን አጽድቶ ራሱን የሚሰርዝ ወርከር አስቀምጡ።

ሌላም አለ። በክሮም የገንቢ መሣሪያ «አፕዴት ኦን ሪሎድ» የሚለው ሳጥን (ገጹ በታደሰ ቁጥር ወርከሩን የሚያድሰው) ምልክት ካለበት፣ ለእናንተ አዲሱ ስለሚታይ ችግሩ ሊደበቅ ይችላል። አንሱትና በተራ ስልክ ሞክሩ፦ ገጹን ክፈቱ፣ ዝጉ፣ ዋጋውን ቀይሩ፣ እንደገና ክፈቱ፣ ከዚያ የስልኩን ኢንተርኔት አጥፍታችሁ ክፈቱ።

ብርቅ የሆኑት ችግሮች፦ ፊደሉ ለሦስት ሴኮንድ ያህል ባዶ ሆኖ ከቆየ በኋላ ከመጣ፣ የፎንቱን ማሳያ «ስዋፕ» (ፎንቱ እስኪመጣ በሌላ ፎንት የሚያሳይ) አድርጉና ፎንቱን ወደ ዎፍ 2 (ለድረ ገጽ ወደተጨመቀው የፎንት ፋይል ዓይነት) ቀይሩ። ጽሑፉ የላቲን ዝብርቅርቅ ከሆነ ከዩኒኮድ (የዛሬው የፊደላት ኮድ መስፈርት) በፊት በነበረ ፎንት የተተየበ ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ መለወጫ ያስፈልገዋል። ፎቶ በአሮጌ ስልክ ካልታየ ከኤቪአይኤፉ (አሮጌ ስልክ የማያውቀው አዲስ የፎቶ ፋይል ዓይነት) ጎን ጄፔግ አኑሩ።