በጁገል አጭር ፊልም ስትቀርጹ ድምፁን አስቀድሙ

በሐረር ጁገል ጠባብ መንገዶች አጭር ፊልም ለመቅረጽ የምታስቡ ተማሪዎች ከካሜራው ይልቅ ለድምፁ እንድትጨነቁ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፣ የማይሰማ ንግግር ግን አይታገሥም። መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ የስፌት መኪናዎቹ በየመሃሉ ስለሚነሡና ስለሚቆሙ፣ በተለያየ ጊዜ የተቀረጸ ንግግር በኤዲቲንግ ሲገጣጠም መቆራረጡ ያስታውቃል። ስለዚህ ትዕይንቱ እንዳለቀ፣ ማንም ሳይናገርና ሳይንቀሳቀስ፣ የቦታውን ድምፅ ብቻ ቢያንስ ለ30 ሰከንድ ቅረጹና ከንግግሩ ሥር አስገቡት፤ መጋጠሚያዎቹን ይሸፍንላችኋል። ታሪኩ የሚፈቅድ ከሆነ ግን ንግግሩን መደቦቹ በምንጣፍና በትራስ በተሸፈኑበት የሐረሪ ቤት ውስጥ መቅረጽ፣ ማስተጋባቱን ስለሚቀንስ፣ እጅግ ይሻላል። እዚያም በመብራት የምትቀርጹ ከሆነ፣ የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ የካሜራውን ሸተር (ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ላይ አድርጉት፤ አለበለዚያ ምስሉ ብልጭ ድርግም ሊል ይችላል።