«እኔማ ገና ከመጀመሪያው አውቄዋለሁ!» እና ሌሎች ጆሮዬን ያደከሙ አስተያየቶች

ድሬዳዋ ለገሃር አካባቢ ትንሽዬ ፊልም ቤት አለችኝ። ካሴት በማከራየት ጀምሬ፣ በሲዲ አልፌ፣ ዛሬ ፍላሽና ሃርድ ዲስክ ላይ መጫን ደርሻለሁ። እንጀራዬ መጫን ይሁን እንጂ ቀኑን የማሳልፈው አስተያየት ስሰማ ነው። የፍቅር ፊልም የወሰደ ሰው «ደስ ይላል» ብሎኝ ያልፋል። የወንጀል ልብ አንጠልጣይ የወሰደው ግን ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ነው የሚመለሰው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረምሳ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ «አቦ፣ ይሄ አይረባም። ገዳዩን ገና ከመጀመሪያው አውቄዋለሁ» አለኝ። ይህን ያለኝ ስንተኛው ሰው እንደሆነ መቁጠር ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ለሱ ዝም አልኩት፤ መልሴን እዚህ ላውጣው።

አንደኛ ነገር፣ አላወቅክም፤ ጠርጥረህ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ባልየውን ጠረጠርክ፣ በሁለተኛው ጎረቤቱን፣ በአራተኛው ፖሊሱን፣ በስድስተኛው ቄሱን። ስምንት ሰው ባለበት ታሪክ ስድስቱን በየተራ የጠረጠረ ሰው አንዱ ቢሆንለት ምኑ ይደንቃል? የሳታቸውን አምስቱን የሚያስታውስበት ስለሌለ ነው የሚፎክረው። አንድ ሰሞን በዚህ ተናድጄ ደብተር አወጣሁ። ሦስተኛውን ክፍል ጨርሶ አራተኛውን ሊያስጭን የመጣ ሁሉ የአንድ ተጠርጣሪ ስም ጽፎ ይፈርማል፤ መሰረዝ የለም። አሥራ አንድ ሰው ፈረመ። የመታው አንድ ብቻ ነበር። እንዴት እንዳወቀ ስጠይቀው ሰውየው የአጎቱን ልጅ እንደሚመስልና የአጎቱን ልጅ ደግሞ ከድሮም እንደማይወደው ነገረኝ።

ሁለተኛ፣ ብታውቀውስ? እ.ኤ.አ. በ1971 ተከታታይ ሆኖ የጀመረውን «ኮሎምቦ»ን ተመልከቱ። በአብዛኛው ክፍሎቹ ተመልካቹ ገዳዩን ከመነሻው፣ ሲገድል ጭምር ያየዋል። የቀረው ሰዓት ያ ኮቱ የተጨማደደ መርማሪ «አንድ ነገር ብቻ» እያለ እየተመላለሰ እንዴት እንደሚያጠምደው ነው። ሰው ለዓመታት ወዶ አየው። እ.ኤ.አ. በ1990 የጀመረው «ትዊን ፒክስ» ደግሞ ተማሪዋን ማን ገደላት በሚለው ጥያቄ አሜሪካን ሲያነጋግር ጣቢያው «ገዳዩን ተናገሩና ተገላገሉ» ብሎ አዘጋጆቹን ወጥሮ ያዘ። ሁለተኛው ሲዝን ገና ሳይጋመስ ተነገረ። ከዚያ በኋላ ተመልካቹ እየሳሳ ሄዶ በ1991 ተቋረጠ። መልሱን ለማግኘት ሲጮህ የነበረው ሰው መልሱ ሲሰጠው ቴሌቪዥኑን ዘጋ።

ቀፊራ ገበያ ቅመም የሚሸጡ አንዲት እናት ደንበኛዬ ናቸው። እሳቸውማ ጭራሽ ገዳዩን አስቀድሜ እንድነግራቸው ይጠይቁኛል። «ታዲያ ምኑን ያዩታል፣ እማማ?» ብላቸው፣ «ውሸቱን ነዋ፣ ልጄ! ገድሎ ሲያበቃ ከሟች እናት ጋር ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ እጁ ይንቀጠቀጣል ወይስ አይንቀጠቀጥም?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ሲመጡ ወንበር አወጣለሁ።

አንድ ነገር ግን ልመን። «ስመ ጥሩ ተዋናይ ትንሽ ቦታ ከያዘ ገዳዩ እሱ ነው» የሚሉኝ ብዙ ጊዜ ይመታሉ። ይሄ ግን ደመወዝ ማስላት ነው እንጂ ፊልም ማየት አይደለም።

ያላየ ሰው ፊት መጨረሻውን አትናገሩ። ባጃጅ ውስጥም ቢሆን። ይሄ ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስለኝም።

«ይጎትታል፣ ተኩስ የለውም» ደግሞ አለ። «ዘ ዋየር»ን (የአሜሪካ የፖሊስ ተከታታይ፣ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2008፣ 60 ክፍል) ሁለት ክፍል አይተው የሚመልሱልኝ ሰዎች የሚሉት ነው። የፈጠረው ዴቪድ ሳይመን ባልቲሞር ከተማ ላይ የፖሊስ ወሬ ሲዘግብ የኖረ ጋዜጠኛ ነው፤ አብሮት የሠራው ኤድ በርንስ ደግሞ የዚያው ከተማ መርማሪ ፖሊስ ነበር፣ በኋላም አስተማሪ። ስልክ ለመጥለፍ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ለፈቃዱ ማስረጃ ያስፈልጋል፣ ለማስረጃው ጣሪያ ላይ ተንጋሎ ሲጠብቅ የሚውል ፖሊስ ያስፈልጋል። ጎተተ የተባለው ይሄ ነው፤ ሥራው ራሱ ይጎትታላ! እኔ ቤት አራት ክፍል ያላየ ሰው አስተያየት አይመዘገብለትም። ያለቀ ምርመራ ሲዝን ለመጨመር ብቻ መልሶ የሚከፍት ተከታታይም እንዳለ አውቃለሁ። እሱን ከመሃል ብትጥሉት አልቀየምም።

በጫት ምርቃና የሚሰጠው አስተያየት የከተማችን የራሷ ነው። ከምሳ በኋላ በርጫ ላይ ስድስት ሰው አንድ ቴሌቪዥን ፊት ተደርድሯል፣ ቬንትሌተሩ ይዞራል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ጸጥ። አሥር ሰዓት ሲሆን አንዱ ቀና ይልና «አስተውላችኋል? ከመርማሪው ኋላ ያለው የግድግዳ ሰዓት ቆሟል። ሟቹ አልሞተም ማለት ነው» ይላል። «ወላሂ!» ይላሉ አምስቱም። ባትሪው አልቆ እንደሆነስ የሚል የለም። ክፍሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ሦስት ጊዜ ይታያል፤ ዓለም ካየቻቸው ተከታታዮች ሁሉ የረቀቀው ይሄ እንደሆነ ይወሰናል። ማታ ምርቃናውን በመጠጥ ሊሰብሩ ጨብሲ ላይ ሲቀመጡ እነዚያው ሰዎች ያንኑ ተከታታይ «ቀሽም» ይሉታል። እኔም በዚያ ክፍል ውስጥ ስድስተኛው ሰው የሆንኩበት ቀን ብዙ ነው። አሁን ደንበኞቼን ጠዋት ንገሩኝ እላለሁ።

የአሜሪካ ፍርድ ቤት ያለበት ፊልም አይቶ «ዳኛው ሰነፍ ነው፤ ፍርዱን ተራ ሰዎች ይሰጡለታል» ያለኝም አለ። እኛ ፍርድ ቤት የሚወስኑት ዳኞች ስለሆኑ ነው እንጂ በአሜሪካ ከባድ የወንጀል ክስ ላይ ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚሉት ከሕዝብ የተመረጡ፣ አብዛኛውን ጊዜ 12 ሰዎች ናቸው። ይህን ያላወቀ ሰው ጠበቃው ለምን ለዳኛው ጀርባውን ሰጥቶ እንደሚናገር አይገባውም፤ ከዚያ «ንቀት ነው» ብሎ ይፈርዳል።

በአንድ ሰው ድምፅ የሚተረክ ትርጉም ፊልም አይታችሁ ስለ ተዋናዩ አነጋገር አታውሩ። ያሳቀቻችሁ ቀልድ የተርጓሚው ናት።

ሌላው የሚያናድደኝ የአቆራረጥ ነገር ነው። የቱርክ ተከታታዮች በአገራቸው በሳምንት አንዴ ሲታዩ አንዱ ክፍል ብቻውን ብዙ ጊዜ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ወደ ውጭ ሲሸጥ ተቆራርጦ አርባ አምስት ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ከመጣ ወዲህ በአማርኛ የለመድናቸው የቱርክ ታሪኮች ሰውየው ሽጉጥ መዝዞ አፉን ሊከፍት ሲል ቢያልቁ ደራሲውን «መጨረስ አይችልም» አትበሉት። እሱ እዚያ ጋ አልጨረሰም። «ላ ካሳ ዴ ፓፔል» የሚባለው የስፔን የዝርፊያ ተከታታይም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ስፔን ውስጥ የታየው የመጀመሪያው ታሪክ 15 ረጃጅም ክፍል ሲሆን ኔትፍሊክስ እንደገና ቆራርጦ 22 አደረገው። በዚህ ጉዳይ ሁለት ደንበኞቼ አንዱ 15 ሌላው 22 እያሉ ልብስ ሊቀዳደዱ ደርሰው ነበር። ሁለቱም ትክክል መሆናቸውን ስነግራቸው ተባብረው እኔ ላይ ተነሱ።

«ተቆርጧል!» ከተባለ አይቀር የአሜሪካኖቹን የማፍያ ተከታታይ የ«ዘ ሶፕራኖስ»ን ልናገር። መጨረሻውን አትናገሩ ብዬ ራሴ ልናገረው ነው፤ ግን እ.ኤ.አ. በሰኔ 2007 ያለቀ ነገር ነው፣ ይቅር በሉኝ። ቤተሰቡ ምግብ ቤት ተቀምጧል፣ ሙዚቃ አለ፣ በሩ ይከፈታል፣ ከዚያ ድርግም። ጨለማ። በቃ፣ አለቀ። አሜሪካኖቹ ራሳቸው በዚያ ምሽት ኬብላቸው የተቋረጠ መስሏቸው ነበር። ድሬ ውስጥ እንግዲህ አስቡት፤ የኔ ደንበኛ መጀመሪያ መብራት ሄደ ብሎ መስኮት ከፍቶ የጎረቤት አምፖል አየ። ከዚያ ፍላሹን ይዞ መጣ። ድጋሚ ጫንኩለት። ተመለሰ። ሌላ ፍላሽ ሞከርን። በሦስተኛው «ሆን ብለው ነው» ስለው ገንዘቡን መልስልኝ አለ። መለስኩለት፤ ምን ላድርግ?

የጫኚውም ጥፋት አለ እንግዲህ። አንድ ጊዜ አንድ 16 ክፍል ያለው የወንጀል ተከታታይ መጣልኝ። ፋይሎቹ ከ1 እስከ 16 በቁጥር የተሰየሙ ናቸው፣ ከፊታቸው ዜሮ የለም። ቴሌቪዥኑ ደግሞ የሚደረድረው እንደ ስም ስለሆነ ከ1 ቀጥሎ 10 ያመጣል፣ እስከ 16 ሄዶ ወደ 2 ይመለሳል። እኔ ይህን መች ልብ አልኩ! ስምንተኛ ሆኖ የመጣው ላይ ገዳዩ ተፈረደበት። ዘጠነኛው ላይ ቡና ቤት ተቀምጦ ይስቃል። «ደራሲው ጊዜን እየገለበጠ ነው» ብዬ ደነቀኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ለደንበኛ ሁሉ «ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ለሁሉም ሰው አይሆንም» እያልኩ እንደዚያው ጫንኩላቸው። ያልገባቸውን በልቤ ናቅኋቸው። በመጨረሻ አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ መጥቶ «ጋሼ፣ ከአንድ ቀጥሎ አሥር ነው እንዴ?» አለኝ።

አሁን 01፣ 02 እያልኩ ሰይሜ ነው የምጭነው። የወሰዱትን ሁሉ እየጠራሁ አስተካከልኩላቸው። አንድ ባለ ባጃጅ ግን ትክክለኛውን ካየ በኋላ እስካሁን በመጣ ቁጥር «ያቺ የበፊቷ ትሻላለች፣ ዋሪያ፤ እሷን መልስልኝ» ይለኛል።