«ሽንት ለሚያቃጥል ምን አለሽ?»

ደሴ ውስጥ መድኃኒት ቤት መሥራት ከጀመርኩ 11 ዓመቴ ነው። ድምፅ ተቀንሶ ከሚጠየቁኝ ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ ያደርጋሉ፤ ወንዶቹ «ለጓደኛዬ ነው» ይላሉ። ያ ጓደኛ ስንቴ እንደታመመ እኔና እግዜር ነን የምናውቀው።

አንድ ቀን ከተዳረች ሁለት ወር ያልሞላት ልጅ መጣች። ዓይኗ አብጧል። «ዶክተር፣ ሲፕሮ ስጪኝ» አለችኝ፤ ሲፕሮ የባክቴሪያ መድኃኒት (አንቲባዮቲክ) ነው። ዶክተር አይደለሁም፤ ግን እዚህ ባንኮኒ ጀርባ የቆመ ሁሉ ዶክተር ነው። ለምን ስላት «ባሌ ጨብጥ አምጥቶብኛል» ብላ አለቀሰች። እናቷ ደግሞ ብርድ ነው፣ ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ ተቀምጠሽ ነው ብለዋታል። ፈሳሽ አለሽ? የለም። ቁስል? የለም። ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ጠብ ብሎ ይቆማል፣ ያቃጥላል፤ በቃ። ሲፕሮውን ትቼ ላቦራቶሪ ላክኋት። ወረቀቱ ላይ ነጭ የደም ሴል (ሰውነት ኢንፌክሽን ሲዋጋ የሚታየው) በብዛት፣ ናይትራይት ፖዘቲቭ። ናይትራይትን የሚያመጡት በአብዛኛው ከአንጀት የሚመጡ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ የጨብጥ ባክቴሪያ አያመጣውም። የያዛት ተራ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበር፤ ባልየው ለካ ሦስት ሌሊት ሶፋ ላይ ያደረው በከንቱ ነው።

የሴት የሽንት ቧንቧ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የወንድ 20 ይደርሳል። ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ የሁላችንም አንጀት ውስጥ ይኖራል። በግንኙነት ጊዜ እንቅስቃሴው ወደ ቧንቧው ይገፋዋል፤ መንገዱ አጭር ስለሆነ ፊኛ ይደርሳል። ስለዚህ ከሰርግ በኋላ ወይም ባል ከመንገድ ሲመለስ መያዝ የተለመደ ነው፤ ውስልትናን አያሳይም። ለሚመላለስባት ሴት የምነግራት፦ ትንሽ ውሃ የምትጠጪ ከሆነ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ያህል ጨምሪ፤ ከፊት ወደ ኋላ ጥረጊ፤ ውስጥሽን በሳሙና አትጠቢ። ከግንኙነት በኋላ መሽናትም አይጎዳም፣ እኔም አደርገዋለሁ።

መጠርጠር ያለበት ሌላው ጊዜ ነው። ሽታው ወይም መልኩ የተለወጠ ፈሳሽ፣ ከግንኙነት በኋላ ደም፣ ከእምብርት በታች ሕመም፣ ቁስል ካለ አባላዘር በሽታ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ አብረው የሚገኙበት ጊዜም አለ። ወጣት ወንድ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እምብዛም ስለማይይዘው፣ ሽንቱ ካቃጠለው መጀመሪያ የሚታሰበው ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ የሚባለው ሌላ አባላዘር ነው። ጠዋት ፓንቱ ላይ መግል ያየ ሰው «ፀሐይ የመታው ድንጋይ ላይ ሸንቼ ነው» እያለ ሳምንት መቆየት የለበትም።

ስትመረመሩ አንድ ነገር ልብ በሉ። ለተለመደው የሽንት ምርመራና ለከልቸር (ባክቴሪያውን አብቅሎ ለሚያይ ምርመራ) የመጀመሪያውን ሽንት አፍስሳችሁ መሃሉን ነው ዕቃው ውስጥ የምትቀበሉት። በሽንት ለሚሠራ የክላሚዲያና የጨብጥ ምርመራ ግን ተቃራኒው ነው፣ የመጀመሪያው ጠብታ ይፈለጋል። ነጭ የደም ሴል ኖሮ ከልቸሩ ላይ ምንም ካልበቀለ፣ «አባላዘርስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ምርመራው በሌለበት ጤና ጣቢያ ባለሙያው ምልክቱን አይቶ ያክማል፤ ይህ ግምት ሳይሆን የአሠራር መመሪያው ነው። የኤችአይቪና የቂጥኝ ምርመራውንም በዚያው ጨርሱት።

«ማን አመጣው?» የሚለውን ላቦራቶሪ አይመልስም። ጨብጥ ወንድ ላይ ብዙ ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይወጣል፤ ክላሚዲያ ግን፣ በተለይ ሴት ላይ፣ ያለ ምንም ምልክት ለወራት ይቀመጣል። ዛሬ የተገኘ ክላሚዲያ ከመጋባታችሁ በፊት የነበረ ሊሆን ይችላል። ዝም ብሎ የተቀመጠው ካልታከመ ግን የማህፀን ቱቦ ጎድቶ መውለድ ሊከለክል ይችላል፤ የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

የሚያናድደኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ 10 ፍሬ ሲፕሮ ገዝተው አምስት አምስት የሚካፈሉ ባልና ሚስት። እንጀራ መሰላቸው እንዴ? ጨብጥ ሲፕሮን ከተላመደው ቆይቷል፤ የሚታከመው በሌላ መድኃኒት፣ ብዙ ጊዜ በመርፌ ነው። አባላዘር ከተገኘ ሁለታችሁም በአንድ ሰሞን፣ እያንዳንዳችሁ ሙሉውን ትወስዳላችሁ። ባለአንድ ጊዜ መድኃኒት ከሆነ ከዚያ በኋላ 7 ቀን፣ የቀናት ከሆነ እስክትጨርሱ ከግንኙነት ትታቀባላችሁ። ከሦስት ወር በኋላ እንደገና መመርመር ነው። ተራ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከሆነ ግን ባልየው መድኃኒት አያስፈልገውም።

ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ፣ ጎንና ጀርባ ከወጋ፣ ማስታወክ ከመጣ፣ ወይም እርጉዝ ከሆነች እኔ ጋ አትምጡ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ኩላሊት ላይ ሊወጣ ይችላል።

መንገሩ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ማታ አልጋ ላይ ሳይሆን ቀን፣ ቡና ከተጠጣ በኋላ፣ «ተመርምሬ መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ አንተም ካልታከምክ ይመለስብኛል ተብያለሁ» ማለት ይበቃል። «ለጓደኛዬ ነው» ለሚለኝም መልሴ ያው ነው፦ ጓደኛህ ሚስቱን ይዞ ጤና ጣቢያ ይሂድ።