መኪና ሳይኖራችሁ የኮትስዎልድን ጥንታዊ መንደሮች እንዴት እንደምትጎበኙ

ለንደን የሚኖር ወይም ለጉብኝት የመጣ ሰው «የእንግሊዝን ገጠር ማየት እፈልጋለሁ» ሲል መጀመሪያ የሚሰጠው ምክር የአስጎብኚ አውቶቡስ ነው። በአንድ ቀን አምስት መንደር፣ በየመንደሩ ሠላሳ ደቂቃ። እኔ አልመክርም። በሠላሳ ደቂቃ ፎቶ መነሳትና መፀዳጃ ቤት መሰለፍ እንጂ መንደር ማየት አይቻልም። በባቡርና በመደበኛው የሕዝብ አውቶቡስ ሄዳችሁ ሁለት መንደር ብቻ ረጋ ብላችሁ ብታዩ በእጅጉ ይሻላል፤ ወጪውም ይቀንሳል። ከባዱ ሥራ አንድ ነው፤ እሱም የአውቶቡሱ ነገር ነው።

1. አካባቢውን ምረጡ

ለመጀመሪያ ጊዜ ኮትስዎልድን ምረጡ። ከለንደን በስተ ሰሜን ምዕራብ ያለ፣ 2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍን ኮረብታማ አገር ነው፤ ከ1966 ጀምሮም በሕግ የተጠበቀ ነው (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። ቤቶቹ የተሠሩት ከሥራቸው ከሚወጣው የኖራ ድንጋይ ነው፤ በሰሜኑ በኩል ቀለሙ ማር ይመስላል። በመካከለኛው ዘመን የዚህ አካባቢ የበግ ፀጉር ባሕር ተሻግሮ ይሸጥ ነበር፣ ትልልቆቹ አብያተ ክርስቲያናትም የታነፁት በዚያ ገንዘብ ነው። በኋላ የጨርቁ ሥራ ፋብሪካ ወዳለበት ሲሄድ የድሮውን አፍርሶ አዲስ የሚሠራ ገንዘብ ጠፋ። ዛሬ የምናየው ያኔ ሳይነካ የቀረውን ነው።

2. የባቡር ትኬት

ከፓዲንግተን ጣቢያ ተነስታችሁ ሞርተን ኢን ማርሽ ትወርዳላችሁ፤ በኦክስፎርድ በኩል አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ደቂቃ ገደማ ነው። የኦፍ ፒክ (ሰው ከሚበዛበት ሰዓት ውጪ የሚሠራ) ደርሶ መልስ ግዙ። ሬልካርድ (የባቡር ቅናሽ ካርድ) ካላችሁ ሲሶው ይቀነስላችኋል።

3. የመመለሻውን አውቶቡስ አስቀድሙ

ብዙ ሰው መንደሩን ይመርጣል፣ የሚሄድበትን ሰዓት ያወጣል፣ መመለሻውን ግን «እዚያ ስንደርስ እናያለን» ብሎ ይተወዋል። ለንደን አውቶቡስ በየደቂቃው ሲመጣ የለመደ ሰው ቢዘናጋ አይፈረድበትም። ገጠር ላይ ግን አውቶቡስ በሰዓት ወይም በሁለት ሰዓት አንዴ ነው የሚያልፈው፤ የመጨረሻውም ብዙ ጊዜ ሳይመሽ ይሄዳል። ስለዚህ እቅዳችሁን ከኋላ ወደ ፊት ሥሩት። መጀመሪያ ከሞርተን ወደ ለንደን የምትመለሱበትን ባቡር፣ ቀጥሎ ለዚያ ባቡር የሚያደርሳችሁን አውቶቡስ፣ በመጨረሻ የምትሄዱበትን።

የምትመለሱበት አውቶቡስ ከመጨረሻው አንድ የቀደመው ይሁን። እሱ ቢያመልጣችሁ ወይም ቢሰረዝ ሌላ ይመጣል። የመጨረሻው ካመለጠ የሚቀረው ታክሲ ነው፤ ታክሲ ደግሞ መንደር አደባባይ ላይ ቆሞ አይጠብቅም። ለንደን ላይ የምንጠራበትም አፕ እዚያ ላይሠራ ይችላል። የአንድ ሁለት ታክሲ ስልክ ቁጥር ከቤት ሳትወጡ ያዙ።

የጊዜ ሰሌዳ አነባበቡም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከሰዓቱ አጠገብ አንዲት ፊደል ስታዩ ፍቺዋን ከሠንጠረዡ ሥር ፈልጉ፤ «ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ቀን ብቻ» ልትል ትችላለች፤ እንደዚያ ከሆነ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በኦገስት ያ አውቶቡስ የለም ማለት ነው። የሰኞ እስከ አርብ፣ የቅዳሜና የእሑድ ሰሌዳዎች የተለያዩ ናቸው። እሑድና የሕዝብ በዓል ቀን፣ በተለይ በብርዱ ወራት፣ አውቶቡሱ ጭራሽ ላይኖር ይችላል። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ስቶው ኦን ዘ ዎልድ ላይ ሕፃን የያዙ ባልና ሚስት የቅዳሜውን ሰሌዳ ስልካቸው ላይ ከፍተው ፌርማታ ላይ ሲጠብቁ አግኝቻለሁ። የሚመጣ አውቶቡስ አልነበረም፤ ታክሲውም እስኪደርስ ልጁ በብርድ ሲያለቅስ ነበር። በሥራ ቀን ወይም ቅዳሜ ሂዱ።

ሰዓቱን ከጎግል ማፕ ብቻ አትውሰዱ፤ የአውቶቡስ ድርጅቱ ራሱ ካወጣው ሰሌዳ ጋር አመሳክሩትና ስክሪንሾት አንሱት፣ ምክንያቱም ሸለቆዎቹ ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል። ፌርማታው ላይ ስትቆሙ በየትኛው የመንገድ ዳር እንደምትቆሙ አረጋግጡ፤ አንዳንድ መንደር ውስጥ ምልክቱ በአንድ በኩል ብቻ ነው የተተከለው። አውቶቡሱ ሲመጣ እጃችሁን ዘርጉ፤ ሾፌሩ እጅ ካላየ ሊያልፍ ይችላል። ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ የብዙዎቹ መስመሮች የአንድ ጉዞ ዋጋ ከ3 ፓውንድ አይበልጥም።

ከሞርተን ተነስቶ በስቶው ኦን ዘ ዎልድ በኩል ቦርተን ኦን ዘ ዋተር የሚያደርሰው ቁጥር 801 ነው። ወደ ቺፒንግ ካምደን የሚሄደው ሌላ መስመር ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን ለማጣመር አትሞክሩ።

4. ከቦርተን በእግር ውጡ

ቦርተን ውስጥ ዊንድረሽ ወንዝ በመንደሩ መሀል ያልፋል፤ ድልድዮቹ ዝቅ ዝቅ ያሉና ያምራሉ። ግን እኩለ ቀን ላይ በሰው ይጨናነቃል። ሁሉም እዚያው ይቀራል፤ እናንተ አንድ ማይል ያህል በእግር ወደ ሎወር ስሎተር ሂዱ፣ ከዚያ ሌላ አንድ ማይል አይ የተባለውን ወንዝ እየተከተላችሁ ወደ አፐር ስሎተር። አፐር ስሎተር ከሁለቱም የዓለም ጦርነቶች የዘመቱ ልጆቿ በሙሉ በሕይወት ከተመለሱላት ጥቂት የእንግሊዝ መንደሮች አንዷ ናት።

በእግረኛ መንገዱ ለመሄድ የማንንም ፈቃድ አትጠይቁም፤ የሰው እርሻ መሀል ቢያልፍም መብታችሁ በሕግ የተጠበቀ ነው። ቢጫ ቀስት የእግረኛ መንገድ ነው፣ ሰማያዊው ፈረስና ብስክሌትንም ይጨምራል። የአጥሩን በር እንዳገኛችሁት ተዉት፤ ተዘግቶ ከነበረ ዝጉት። ላሞች ካሉ በሩቅ ዙሩ፣ በላምና በጥጃዋ መሀል በፍጹም አትለፉ። ነጭ ስኒከር አይሆንም፤ ጭቃው ከዝናብ በኋላ ብዙ ቀን ይቆያል።

5. ወይም ቺፒንግ ካምደን

እኔ አንዷን ብቻ ምረጥ ብባል ካምደንን ነው የምመርጠው። የባቡር ጣቢያዋ በ1966 ተዘግቷል፤ የቦርተንን ያህል ሰው አይጎርፍባትም። መንገዱ መሀል የቆመው የገበያ አዳራሽ በ1627 የተሠራ ነው፤ ሰር ባፕቲስት ሂክስ የሚባል ባለጸጋ ነው ያሠራው። ውስጥ ግቡና ወለሉን እዩ፤ ድንጋዩ ወጣ ገባ ሆኗል።

ከዚያ ወደ ቅዱስ ያዕቆብ ቤተክርስቲያን ውጡ። በመንገዳችሁ ሂክስ ለድሆች ያሠራቸውን፣ ዛሬም ሰው የሚኖርባቸውን በ1612 የተሠሩ ቤቶች ታልፋላችሁ። ቤተክርስቲያኑ ውስጥ ወደ መንበሩ ጠጋ ብላችሁ ወለሉን ስታዩ የዊልያም ግሬቭልና የሚስቱ ምስል የተቀረጸበት የነሐስ ሰሌዳ ታገኛላችሁ። በ1401 የሞተ የሱፍ ነጋዴ ነው፤ በላቲን የተጻፈው ጽሑፍ የመላው እንግሊዝ ሱፍ ነጋዴዎች አበባ ይለዋል። ቁጢጥ ብላችሁ የልብሱን እጥፋት፣ የእጆቹን አያያዝ ተመልከቱ። ከዚያ ወጥታችሁ ዋናው መንገድ ላይ 1380 ገደማ የተሠራውን የራሱን ቤት ስታዩ ሰውየው፣ ቤቱና ገንዘቡ ይገናኙላችኋል። አስጎብኚ አውቶቡስ ይህን ጊዜ አይሰጣችሁም። ቤቱ የግል መኖሪያ ስለሆነ ከውጭ ብቻ ነው የሚታየው።

6. ምግብ

የፐብ ወጥ ቤት ምሳ የሚያቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ከእኩለ ቀን እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ወይም 8 ሰዓት ተኩል (በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር) ነው፤ ከዚያ በኋላ መጠጥ እንጂ ምግብ የለም። የምትፆሙ ከሆነ «ቪጋን» የሚለውን ምልክት ፈልጉ፤ «ቬጀቴሪያን» ያሉት ቅቤና አይብ ሊኖርበት ይችላል። ሞርተን ላይ ሱፐርማርኬት ስላለ ዳቦና ፍራፍሬ መያዝ አይከፋም።

7. ነዋሪውን አክብሩ

በሰው መስኮት አትመልከቱ፣ በር ላይ ተቀምጣችሁ ፎቶ አትነሱ። ቢበሪ በተባለው መንደር ባለው አርሊንግተን ሮው፣ በጥንታዊዎቹ ቤቶች ረድፍ፣ በዚህ የተነሳ ነዋሪው ተማሯል፤ እዚያ ከሄዳችሁ ጠዋት በጊዜ ሂዱ።

ለሚቀጥለው ጉዞ

ልጆች ከያዛችሁ ራይን እመርጣለሁ። በደቡብ ምሥራቅ ባሕር ዳርቻ አጠገብ ያለች ከተማ ናት፤ ባቡሩ ከተማዋ ውስጥ ስለሚያደርሳችሁ አውቶቡስ አያስጨንቃችሁም። የድሮ ፎቶግራፍ ለሚወድ ሌኮክ የተባለው መንደር አለ፤ ከፎቶግራፍ ፈር ቀዳጆች አንዱ የሆነው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት በ1835 የአቢዩን (የጥንቱን ገዳም) መስኮት ያነሳበት ኔጌቲቭ ዛሬም ያለ ሲሆን መስኮቱም እዚያው ነው። ከሌኮክ ብዙም በማትርቀው ባዝ ደግሞ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመናቸው ከ1936 ጀምሮ የኖሩበት፣ በ1958 ለከተማዋ የሰጡት ፌርፊልድ ሀውስ ይገኛል። ለጎብኚ ክፍት የሚሆንበትን ቀን ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ።