ውሃ ውስጥ ሰገራ ገብቶ እንደሆነ እንዴት ይመረመራል

ኩልል ብሎ የጠራ ውሃ በሰገራ የተበከለ ሊሆን ይችላል፣ በዚ ጉዳይ አይን ምንም አይረባም። ኮሌራውን ታይፎይዱን ምናምኑን አንድ በአንድ እየፈለጉ መመርመር ደሞ ውድ ነው፣ አድካሚ ነው፣ ቁጥራቸው ትንሽ ከሆነም ሳይገኙ ያመልጣሉ። ስለዚህ የሚፈለገው ጠቋሚው ነው፣ ኢ ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ። የሰውና የእንስሳት አንጀት ውስጥ በሽ በሽ ነው፣ ውጪ ወጥቶ ግን ብዙ ጊዜ አይከርምም፣ እና ውሃ ውስጥ ከተገኘ በቅርቡ ሰገራ ገብቷል ማለት ነው። አብዛኛው የኢ ኮላይ ዝርያ እራሱ አያሳምምም፣ ችግሩ እሱ በገባበት በር ሌላውም መግባቱ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ "ቶታል ኮሊፎርም" የሚለው ውጤት ላይ አትደናገጡ፣ ኮሊፎርም ኢ ኮላይን ጨምሮ ብዙ ባክቴሪያ ያለበት ቡድን ነው፣ ከነሱ ውስጥ አፈርና ቅጠል ላይ የሚኖሩም አሉ። የሰገራ ምልክት የሚሆነው ኢ ኮላይ ነው።

አሁን ወደ ስራው። መጀመሪያ ሳምፕል መውሰድ፣ እኔን ብትጠይቁኝ ምርመራው የሚበላሸው ላብራቶሪ ውስጥ ሳይሆን እዚህ ጋ ነው። ስቴራይል የሆነ (ምንም ጀርም የሌለበት) ጠርሙስ ያዙ፣ ታጥቦ የደረቀ የሃይላንድ ጠርሙስ አይሆንም። ውሃው ክሎሪን ያለው ከሆነ ጠርሙሱ ውስጥ ክሎሪኑን የሚያከሽፍ ሶዲየም ታዮሰልፌት የሚባል መድሃኒት መኖር አለበት፣ ካልሆነ ክሎሪኑ መንገድ ላይም ባክቴሪያውን መግደሉን ይቀጥልና ውጤቱ በውሸት ንጹህ ይሆናል (ስለዚህ ጠርሙሱን በሳምፕሉ እንዳታለቀልቁት፣ መድሃኒቱ አብሮ ይደፋል)። ከቧንቧ ከሆነ አፉን በአልኮል ጥረጉ፣ ሁለት ሶስት ደቂቃ ውሃው ይፍሰስ፣ ከዛ ቅዱ፣ ግን ጢም እስኪል አትሙሉት፣ ለመነቅነቅ ትንሽ ክፍት ቦታ ይቅር። ከወንዝ ከሆነ ጠርሙሱን አፉን ደፍታችሁ ወደታች አጥልቁና ወራጁ በሚመጣበት በኩል አዙራችሁ ሙሉ፣ ላይ ላዩን ብቻ አትጭለፉ።

ክዳኑን መሬት ላይ አታስቀምጡ፣ ውስጡንም በጣት አትንኩ። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ክዳኑን በጣቴ ይዤ ስቀዳ ከርሜ በጣም ንጹህ ነው የተባለ ውሃ ሶስቴ "ተበክሏል" ብዬ ጽፌያለሁ፣ የተበከለው ለካ እጄ ነው።

ቀጥሎ አይስ ቦክስ ውስጥ፣ ከ10 ዲግሪ በታች፣ ግን እንዲቀዘቅዝ ብቻ ብላችሁ ሳይሆን ባክቴሪያው እንዳይራባ ወይ እንዳይሞት ነው፣ ስለዚህ ውሃው በረዶም አይሁን። ቢቻል በ6 ሰአት ውስጥ ይመርመር፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ለመጠጥ ውሃ ከ24 ሰአት አይለፍ።

ምርመራው በሁለት መንገድ ይሰራል። ቀላሉ በዱቄት የሚመጣው ኪት ነው፣ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ 35 ዲግሪ ላይ 24 ሰአት ታቆያላችሁ፣ ቢጫ ከሆነ ኮሊፎርም አለ፣ ጨለማ ውስጥ ዩቪ (አልትራቫዮሌት) መብራት ስታበሩበት ሰማያዊ ካበራ ኢ ኮላይ ነው። ሁለተኛው ፊልተር ነው፣ ውሃው ቀዳዳው 0.45 ማይክሮሜትር በሆነ ስስ ወረቀት መሳይ ነገር ውስጥ ይሳባል፣ ባክቴሪያው ላዩ ላይ ይቀራል፣ ወረቀቱ የባክቴሪያ ምግብ ያለው ፔትሪ ዲሽ (ክዳን ያለው ጠፍጣፋ ትንሽ ሳህን) ላይ ተደርጎ 44.5 ዲግሪ ላይ 24 ሰአት ያድራል። ሙቀቱ የበዛው ሆን ተብሎ ነው፣ የአፈሩ ኮሊፎርም አብዛኛው እሱን አይችልም። ጠዋት ስትከፍቱት የተረጨ ቀለም የመሰሉ ነጠብጣቦች ታያላችሁ፣ አንዱ ነጠብጣብ ኮሎኒ ይባላል፣ ቁጠሩ። 10 ሚሊ ሊትር አሳልፋችሁ 32 ኮሎኒ ካገኛችሁ በ100 ሚሊ ሊትር 320 ነው። ለመጠጥ ውሃ የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ዜሮ ነው፣ በ100 ሚሊ ሊትር አንድም አይገኝ።

የፍሳሽ ማጣሪያ ሲሆን ግን ሂሳቡ ይለያል። ጥሬ ፍሳሽ በቀጥታ ብትፈትሹ ዲሹ በሙሉ ይለበስና መቁጠር አይቻልም፣ ማቅጠን ግድ ነው። ለምሳሌ መግቢያው ላይ 10,000 ጊዜ አቅጥናችሁ ከሱ 1 ሚሊ ሊትር ስታሳልፉ 25 ኮሎኒ ወጣ እንበል፣ በ100 ሚሊ ሊትር 25 ሚሊዮን ማለት ነው። መውጫው ላይ 100 ጊዜ ብቻ አቅጥናችሁ ያው 25 ወጣ፣ 250 ሺ ነው። "99 ፐርሰንት ጸዳ" ብሎ ሪፖርት ይጻፋል፣ ጆሮ ላይ ደስ ይላል፣ ግን እኮ 250 ሺ አሁንም እዛው ነው! የዓለም ጤና ድርጅት በ1989 እ.ኤ.አ. በጥሬው ለሚበላ አትክልት ማጠጫ ያስቀመጠው መጠን በ100 ሚሊ ሊትር የሰገራ ኮሊፎርም (ያ 44.5 ዲግሪውን ችሎ የሚያድገው) 1,000 ነበር። ስለዚህ ፐርሰንቱን ትታችሁ የቀረውን ቁጥር ጠይቁ። እዛ ለመድረስ ኩሬ ላይ ብዙ ቀን ፀሀይ እንዲመታው ማቆየት ወይ መጨረሻ ላይ ክሎሪን ወይ ዩቪ መጨመር ያስፈልጋል፣ ዩቪ ደሞ ውሃው ከደፈረሰ በደንብ አይሰራም፣ ብርሃኑ ቆሻሻው ጀርባ የተደበቀውን አያገኘውም።

ዜሮ ሲመጣስ? ጥሩ ነው፣ ግን ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ጥገኛ ክሎሪንን በደንብ ይቋቋማል፣ ኢ ኮላይ ሞቶ እሱ ሊቆይ ይችላል። የባህር ውሃ ከሆነ ደሞ ኢ ኮላይ ቶሎ ስለሚሞት ኢንተሮኮከስ የሚባለው ሌላ የአንጀት ባክቴሪያ ነው የሚቆጠረው። ጉድጓድና ምንጭ ከሆነ ደግሞ በደረቅ ቀን የመጣ ዜሮ አያስተማምንም፣ ከባድ ዝናብ በዘነበ ማግስት ድጋሚ ቅዱ፣ ከላይ ያለው ሁሉ ታጥቦ የሚገባው ያኔ ነው።