አቫንቲዎ አልሸጥ ሲል፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

የአሜሪካው መኪና ሠሪ ስቱድቤከር አቫንቲ የተባለውን መኪና ያመረተው ለ1963 እና ለ1964 ሞዴል ብቻ ነው። በዲሴምበር 1963 የሳውዝ ቤንድ፣ ኢንዲያና ፋብሪካ ሥራ ሲያቆም የወጡት መኪኖች 4,600 ገደማ ነበሩ። ብርቅ መሆኑ አያከራክርም። ግን የብርቅ መኪና ፈላጊ ጥቂት ነው፤ ያለውም ብዙ ጊዜ መኪናውን ከሻጩ በላይ ያውቀዋል። ሽያጩ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ በታች ያለው በአሜሪካ ገበያ «ድራይቨር» ለሚባለው ደረጃ የተጻፈ ነው። ሞተሩ ይነሳል፣ ፍሬኑ ይይዛል፣ ቅዳሜ ጠዋት ያለ ስጋት 50 ማይል ይነዳል፤ ቀለሙ ግን የደከመ ነው፣ ወንበሩ ተሰንጥቋል፣ አንዳንዱ ዕቃም ተቀይሯል። ለውበት ውድድር የሚቀርበውን መኪና 1፣ የደከመውን 4 በሚለው ደረጃ አሰጣጥ ቦታው 3 ነው።

ማስታወቂያው ይታያል፣ የሚደውል የለም

አብዛኛው ሻጭ ወዲያው ዋጋ መቀነስ ይጀምራል። ዋጋው ከመነካቱ በፊት ግን ማስታወቂያው መኪናው የትኛው እንደሆነ መናገሩን ይመልከቱ። አቫንቲ የሚባለው መኪና አንድ አይደለም። ስቱድቤከር ካቆመ በኋላ ከ1965 ጀምሮ ሌሎች ሰዎች «አቫንቲ ሁለት» ብለው የሼቭሮሌት ሞተር እየገጠሙ መሥራት ቀጥለዋል። ገዢው ከፎቶው ብቻ ሁለቱን መለየት ካልቻለ አልፎ ይሄዳል።

ከስቱድቤከሮቹ መካከልም ልዩነት አለ። አር1 የሚባለው 289 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ያለ ሱፐርቻርጀር (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ነው፤ አር2 ደግሞ ያንኑ ሞተር ከፓክስተን ሱፐርቻርጀር ጋር የያዘ ነው። አር2 በዋጋ ይበልጣል፤ ስለዚህ ዓመታት በቆዩበት ጊዜ ሱፐርቻርጀር የተጨመረላቸው አር1ዎች አሉ። ማጣሪያው የሞተሩ ቁጥር ነው። በብሎኩ ፊት፣ ከላይ በኩል የተመታውን ቁጥር በቤንዚን በረጠበ ጨርቅ ጠርገው ከጎን በኩል በእጅ ባትሪ እያበሩ ፎቶ ያንሱ፤ ብርሃኑ ፊት ለፊት ከመታው ፊደሉ አይነበብም። በ«አር» የሚጀምር የአቫንቲ አር1 ነው፣ በ«አርኤስ» የሚጀምር አር2 ነው። «ጄቲ» ወይም «ጄቲኤስ» ካገኙ ሞተሩ ከሌላ ስቱድቤከር፣ ከላርክ ወይም ከሆክ፣ ተነቅሎ የመጣ ነው። ይህ ውርደት አይደለም፤ ለድራይቨር ደረጃ መኪና ጥሩ ሞተር ጥሩ ሞተር ነው። ጉዳቱ ገዢው ራሱ ሲደርስበት ነው። ሌላም ምልክት አለ፦ አር2 ከፋብሪካ ኤርኮንዲሽን ይዞ አይወጣም ነበር። ማስታወቂያዎ ሱፐርቻርጀሩንም ኤርኮንዲሽኑንም «ኦሪጅናል» ብሎ ካስቀመጠ የሚያውቅ ሰው ከዚያ በኋላ ያለውን አያነብም።

መፍትሄው ርካሽ ነው። ሳውዝ ቤንድ ያለው የስቱድቤከር ብሔራዊ ሙዚየም የየመኪናውን የምርት ትዕዛዝ ወረቀት ቅጂ በክፍያ ይሰጣል። ወረቀቱ ላይ ቀለሙ፣ ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ የታዘዙት ተጨማሪ ዕቃዎች ተዘርዝረዋል። ቅጂውን ከሻንሲው ሴሪያል ቁጥርና ከሞተሩ ቁጥር ፎቶ ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ ያልተጣጣመውን በአንድ መስመር ይጻፉ። ዋጋውን ወደ መንካት የሚኬደው ከዚያ በኋላ ነው። ማነጻጸሪያዎ ባለፈው አንድ ዓመት በትክክል የተሸጡ አምስት ስድስት አቫንቲዎች ይሁኑ። ሻጮች የሚጠይቁት ዋጋ ምኞት ነው።

ገዢው «ስሩን አሳየኝ» ብሎ አይቶ ይጠፋል

በአቫንቲ ሽያጭ ትልቁ እንቅፋት ይኸው ስለሆነ እዚህ ላይ እንቆያለን።

«ቦዲው ፋይበርግላስ ነው፣ አይዝግም» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ቦዲው አይዝግም፤ ሻንሲው ግን ብረት ነው። በተጨማሪም በግራና በቀኝ ከበሮቹ ስር ቦዲውን የሚያጠነክሩ፣ ከላሜራ በገንዳ ቅርጽ የታጠፉ ሁለት ረጃጅም ብረቶች አሉ። ባለቤቶቹ «ሆግ ትሮፍ» ይሏቸዋል፣ የአሳማ ገንዳ ማለት ነው፤ እንደ ስማቸው ውሃና ጭቃ ያጠራቅማሉ። በረዶ ባለበት አገር መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው ሲጨመር ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላሉ። ስለዚህ ከውጭ ቀለማቸው ደህና መስሎ ውስጣቸው ወረቀት የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው።

ብረቶቹ ሲደክሙ ቦዲው መሃሉ ላይ ይጎብጣል። በሩ ላይ የሚታየው እንዲህ ነው፦ የበሩ የኋላ ጠርዝ ከቦዲው ጋር ያለው ክፍተት ከላይ ይጠባል፣ ከታች ይሰፋል፤ ለመዝጋት ማንሳት ወይም መግፋት ይጠይቃል። ግን ወዲያው አይፍረዱ። በሩን ከፍተው ጫፉን በሁለት እጅ ወደ ላይ ያንሱት። ቦዲው ሳይነቃነቅ በሩ ብቻ ከፍ ዝቅ ካለ የተበላው ማጠፊያው ነው፤ እሱ ቀላል ሥራ ነው። በሩ ጠንክሮ ክፍተቱ ግን የተዛባ ከሆነ ወደ ስር ይግቡ።

መኪናውን ሲያነሱ ክሪኩን ሻንሲው ስር ያድርጉ፤ ገንዳው ስር ካደረጉት የደከመውን ብረት እዚያው ይጨፈልቁታል። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ስር አይግቡ፣ አራት መደገፊያ ያስቀምጡ። ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ይዘው ገንዳውን ከፊት ወደ ኋላ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ጫን ጫን ያድርጉ፣ በእጀታውም ይምቱት። ጤነኛው ብረት ይጮሃል፤ የበሰበሰው ካርቶን የተመታ ያህል ይታፈናል። የካቻቢቴው ጫፍ ከገባ አልቋል።

ከዚህ ወዲያ መንገዱ ሁለት ነው። ብረቱ ዝጎ ግን ካልተበሳ አይንኩት፤ ሜትር አጠገቡ አስቀምጠው ፎቶ አንስተው ያሳዩ፣ ዋጋው ውስጥ ያስገቡት። ከተበሳ ግን ከሽያጩ በፊት ማስቀየሩ ያዋጣል፤ ገዢ የማያውቀውን ወጪ ሲገምት ሁልጊዜ አብዝቶ ነው። ከማይዝግ ብረት የተሠሩ መቀየሪያዎች ይሸጣሉ። ሥራው ሲሠራ መኪናው ሻንሲው እንዳይጣመም ደልዳላ ወለል ላይ በአራት ነጥብ ይደገፍ። በሮቹ ይዘጉ፣ ክፍተቱ ቦታው ላይ እንዲቆይ ቀጫጭን እንጨት ይወሸቅበት። የሚነቀለው አንድ ጎን ብቻ ነው፤ ያኛው ተጠናቆ ታስሮ የበሩ ክፍተት ሳይለካ ሌላው አይነካም። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የነቀለ ሰው ቦዲውን አጉብጦ ነው የሚያስረው፣ ከዚያ በኋላ በሩ ልክ አይመጣም። በቦዲውና በሻንሲው መካከል ያሉትን ቀጫጭን ማካካሻዎች ከመነቀላቸው በፊት ቆጥረው በየብሎኑ ምልክት ያድርጉባቸው፤ ውፍረታቸው ከቦታ ቦታ ይለያያል።

የማይደረገውን ለይተን እንጻፈው፦ ጥቁር የጎማ ቅብ ከስር አይቀቡ። ዝገቱን አይፈውስም፤ የሚያውቅ ገዢ አዲስ ቅብ ካየ የተደበቀ ነገር አለ ብሎ ይመለሳል።

(ማግኔት ይዞ ቦዲው ላይ የሚያስጠጋ ገዢ ቢመጣ አይደንግጡ። ፋይበርግላስ ላይ የትም አይጣበቅም፤ ሰውየው አቫንቲ የማያውቅ መሆኑን ነው የነገረዎት።)

ሙከራ ላይ ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል

አቫንቲ ከፊት የዲስክ ፍሬን ከያዙ ቀደምት የአሜሪካ መኪኖች አንዱ ነው። መኪናው ለወራት ሲቆም የፍሬን ዘይቱ ውስጥ የገባው እርጥበት የፍሬኑ ፒስተን እንዲዝግ ያደርጋል፣ አንዱ ጎን ይነክሳል፣ ሌላው ይዘገያል። ለማረጋገጥ 10 ማይል ነድተው ሲቆሙ እጅዎን ወደ እያንዳንዱ የፊት ጎማ መሃል ያስጠጉ። አንዱ ከሌላው እጅግ ከሞቀ ፒስተኑ አልተመለሰም ማለት ነው። ሌላው ምክንያት የላስቲክ ቱቦው ነው፦ ከውስጥ አብጦ ዘይቱን ያስገባል፣ መልሶ ግን አያስወጣም። ሁለቱንም ጎን አብረው ያሠሩ፤ አንዱን ብቻ መሥራት ጉተታውን ወደ ሌላው ጎን ማዞር ነው። ሦስቱንም ቱቦ ይቀይሩ፣ አሮጌውን ዘይት ጨርሰው አስወጥተው በአዲስ ይሙሉ።

የመጀመሪያው የፍሬን ዋና ፓምፕ ባለ አንድ መስመር ነው፤ አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ይቀራል። ባለ ሁለት መስመር ፓምፕ ተገጥሞ ከሆነ ለድራይቨር ደረጃ ይህ ጥቅም ነው፣ በማስታወቂያው ላይ ይጻፉት፤ አሮጌውን ፓምፕ በካርቶን አድርገው ከመኪናው ጋር ይስጡ።

ቀዝቃዛ ሲሆን ይነሳል፣ ሙቅ ሲሆን ገዢው ፊት ያሳፍራል

ካርቡራቶሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ከታች በሚወጣው ሙቀት ፈልቶ ወደ ውስጥ ይፈስሳል። ሲያስነሱ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጠው ይያዙ፤ አይደጋግሙ፣ በረገጡ ቁጥር ተጨማሪ ቤንዚን ነው የሚያፈሱት። ለዘለቄታው በካርቡራቶሩና በሞተሩ መካከል ሙቀት የሚከላከል ወፍራም ጋስኬት ይግባበት። በዚያው እጅ አሮጌውን የነዳጅ የጎማ ቱቦ ኢታኖል (ዛሬ ቤንዚን ውስጥ የሚቀላቀል አልኮል) በሚቋቋም ይቀይሩት፤ የዛሬው ቤንዚን የድሮውን ጎማ ያሟሟል፣ ፍሳሹም ትኩስ ሞተር ላይ ነው የሚወርደው።

ለሩቅ ገዢ ቪዲዮ ሲቀርጹ የመጀመሪያው ምስል ባዶ እጅዎ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ያረፈበት ይሁን፣ ሳያቋርጡም ያስነሱት። አስቀድሞ ተሙቆ ነው የሚል ጥርጣሬ እዚያው ያልቃል። የስምንቱን ሲሊንደር ግፊትም ለክተው ይጻፉ፦ ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ የካርቡራቶሩ በር ተከፍቶ፣ የኮይሉ ገመድ ተነቅሎ። ከከፍተኛውና ከዝቅተኛው መካከል ያለው ልዩነት ከ10 እስከ 15 በመቶ ካላለፈ ቁጥሮቹ ራሳቸው ይሸጡለታል።

ሁሉም ገዢ ግማሽ ዋጋ ያቀርባል

ማስታወቂያዎን እንደገና ያንብቡ። «ሙሉ በሙሉ የታደሰ» የሚል ቃል ካለ ችግሩ እሱ ነው። ያንን ያነበበ ሰው ለውበት ውድድር የሚቀርብ መኪና ጠብቆ ይመጣል፣ የተሰነጠቀ ወንበር ሲያይ ሁሉንም ነገር መጠርጠር ይጀምራል። «ድራይቨር» ብለው ከጻፉ ግን ያው ስንጥቅ ዋጋው ውስጥ ያለ ነገር ይሆናል።

ለሽያጭ ብሎ ቀለም ማስቀባት ደግሞ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ፋይበርግላስ በአግባቡ ለመቀባት አሮጌው ቀለም ሁሉ ተነሥቶ የሸረሪት ድር የመሰለው ስንጥቅ ከሥሩ መሞላት አለበት። በላዩ ላይ የተረጨ ቀለም ስንጥቁ ተመልሶ ይወጣበታል፤ ያወጡትም ገንዘብ አይመለስም። ይልቅ ገንዘቡን ጎማ ላይ ያውሉት። ጎማው ጎን ላይ ያለውን የመጨረሻ አራት አሃዝ ያንብቡ፦ 2316 ማለት በ2016 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ገዢው በጉዞ እንዳይወስደው ያደርጋል።

ወረቀቱ ላይ ይቆማል

ታይትሉ (የመኪናው የባለቤትነት ወረቀት) ላይ ያለው ቁጥር ከሻንሲው ቁጥር ጋር በአንድ ፊደል እንኳ ከተለያየ አስቀድመው ያስተካክሉ። ብዙ ጊዜ ድሮ በእጅ ሲገለበጥ የተፈጠረ ስህተት ነው፤ የክፍለ ግዛቱ መንገድ ትራንስፖርት የቁጥር ማረጋገጫ ምርመራ ያደርጋል። ኒው ዮርክ ለ1972 እና ከዚያ በፊት ለነበሩ ሞዴሎች ታይትል አይሰጥም፤ የባለቤትነቱ ማስረጃ የምዝገባ ወረቀቱ ነው። ገዢው ከሌላ ክፍለ ግዛት ከሆነ ይህን ቀድመው ይንገሩት፣ ከተጻፈ የሽያጭ ውል ጋር ይስጡት።

የማይል ቆጣሪው አምስት አሃዝ ነው፣ ከ99,999 በኋላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ማስረጃ ከሌለ «እውነተኛው ማይል አይታወቅም» ብለው ይጻፉ። እንደዚህ ያለ አሮጌ መኪና ከፌዴራሉ የማይል ማሳወቂያ ግዴታ ነጻ ነው፣ ያ ማለት ግን ያልተረጋገጠ ማይል መጻፍ ይፈቀዳል ማለት አይደለም።

ገዢው ክፍያ ላይ ይቸኩላል

ከተስማሙበት በላይ የባንክ ቼክ ልኮ «ትርፉን ለመኪና አጓጓዡ ላክልኝ» የሚል ገዢ ሌባ ነው፤ ቼኩ ከቀናት በኋላ ሐሰተኛ ሆኖ ይመለሳል፣ እርስዎ የላኩት ግን አይመለስም። ቼክ ከሆነ ከገዢው ጋር ወደ ባንኩ ሄደው እፊትዎ ሲጻፍ ይቀበሉ። በሐዋላ ከሆነ ገንዘቡ ሒሳብዎ ውስጥ መግባቱን ባንክዎ በአፉ እስኪነግርዎ ድረስ ታይትሉ ላይ አይፈርሙ። ካሊፎርኒያ ከሆኑ መኪናው እንደተሸጠ በ5 ቀን ውስጥ ያሳውቁ፤ ካላሳወቁ የአዲሱ ባለቤት ቅጣት ወደ እርስዎ ይመጣል።

ገዢው አውሮፓ ከሆነ ዋናው ታይትል ከመርከቡ በፊት ወደብ መድረስ አለበት፦ የአሜሪካ ጉምሩክ መኪናው ከመውጣቱ ቢያንስ 72 ሰዓት አስቀድሞ ወረቀቱን ይፈልጋል። ስለዚህ ታይትሉን ከመኪናው ጋር ዳሽቦርድ ውስጥ አድርገው አይላኩ፤ ለአጓጓዡ በተመዘገበ ፖስታ ለብቻው ይላኩት፣ ቅጂውን ያስቀሩ። ጀርመን ወይም ኔዘርላንድ ለሚገባ መኪና ከ30 ዓመት በላይ የሆነውና በመጀመሪያው ይዞታው ያለው በዝቅተኛ ግብር ሊገባ ይችላል፤ ገዢው ያንን ለማስረዳት የሚፈልገው ያንኑ የሳውዝ ቤንድ የምርት ወረቀት ነው። ሞተሩ ከላርክ የመጣ ከሆነ ደግሞ ጥያቄ ሊነሳበት ስለሚችል ዋጋ ከመስማማታችሁ በፊት ይንገሩት።