የቦይ ዳር ጀልባዎችንና ሕንፃዎችን በኤቺንግ ስንሠራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ ኤቺንግ (ሰም በተቀባ የመዳብ ሰሌዳ ላይ በመርፌ የተጫረውን መስመር በአሲድ አስበልቶ ሥዕል የማተም ጥበብ) ከማስተምራቸው ወጣቶች ብዙዎቹ የቬኒስን ቦዮች ከፎቶግራፍ እያዩ ይለማመዳሉ፤ ሁሉም ማለት ይቻላል የሚሰናከሉት ውኃው ላይ ነው። ሰም የተቀባውን መዳብ በመርፌ መጫር ሲጀምሩ እያንዳንዷን ሞገድ ለማስፈር ይነሣሉ፤ ከጀልባው ሆድ እስከ ሰሌዳው ጠርዝ መስመር በመስመር ላይ ይደራርባሉ፤ ታትሞ ሲወጣም ጀልባው የታረሰ ማሳ መካከል የቆመ ይመስላል። ይህን ሳልናገር ያለፍኩበት ሳምንት የለም፦ ውኃውን ውኃ የሚያስመስለው ያልተነካው መዳብ ነው! ከጀልባው ሥር ጥቂት አጫጭር አግድም ጭረቶች፣ ከሕንፃው ግርጌ የበሩን ጥላ ወደ ታች የሚያወርዱ የተቆራረጡ መስመሮች ይበቃሉ። እ.ኤ.አ. ከ1879 እስከ 1880 ቬኒስ ተቀምጦ የሠራው አሜሪካዊው ሠዓሊ ዊስለር በአንዳንድ ኅትመቶቹ ውኃውን ባዶ ሊባል በሚችል ደረጃ ትቶታል፤ የምሽቱን ድባብ ያመጣው ሰሌዳው ሲጠረግ ሆን ብሎ ባስቀረው ስስ ቀለም ነው።

ሰሌዳው ሲታተም ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል። ዊስለር ቦታው ላይ ቆሞ በቀጥታ መዳቡ ላይ ስለሚሥል የእርሱ ቬኒስ ተገልብጦ ታትሟል፤ ጀማሪ ግን ፎቶግራፉን በመስተዋት እያየ ቢሥል ይሻለዋል። እኔ ራሴ የደሴን ፒያሳ ስሠራ የአንድ ሱቅ ማስታወቂያ ጽሑፍ ቀጥ አድርጌ ጭሬ፣ የሦስት ቀን ድካሜ ተገልብጦ ሲወጣ በእጅጉ አዝኛለሁ።

ሌላው ስህተት ሁሉንም መስመር አሲዱ እኩል እንዲበላው መተው ነው። የሩቁ የደወል ማማ በስሱ እንደተበላ ሰሌዳው ከአሲዱ ይውጣ፤ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ማማው አሲድ ዳግም እንዳይነካው በቫርኒሽ ይሸፈን፤ ከዚያ የቅርቡ ጀልባ ጠልቆ እንዲበላ ሰሌዳው ይመለስ። ሰሌዳው አሲድ ውስጥ የሚቆይበትንም ደቂቃ ከሌላ ሰው አትዋሱ፤ ብርድ አሲዱን ያዘገየዋል። ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ የለመደ አንድ ተማሪ ያንኑ ደቂቃ ቆጥሮ ደሴ በማለዳ ቢሠራ፣ የጀልባው ገመዶች ለዓይን እስኪያስቸግሩ ቀጥነው ወጡበት። በየጊዜው በቁራጭ መዳብ መሞከር ያስፈልጋል።

አሲዱን ወደ ውኃ እንጂ ውኃውን ወደ አሲድ አትጨምሩ። ወረቀቱንም ሳታርሱ አታትሙ፤ ደረቅ ወረቀት ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ቀለሙን ስለማያወጣ፣ የጀልባው ምሰሶ ከመሐሉ ተቆርጦ ይቀራል።